የሀሺ ቀኝ ጉልበት

ግመል የሚታለበው በአንድ እግር ተቁሞ ነው። አላቢው በግራ እግሩ ይቆማል፤ ቀኙን ያጥፍና ውስጥ እግሩን በቆመበት ጉልበት ላይ ያሳርፋል፤ በታጠፈው ጭኑ ላይ የወተቱን ዕቃ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ ሁለት እጁ ነጻ ይሆናል። ግመል ረጅም ናት፤ ቁጭ ብሎ የሚያልባት የለም። ይህን በሊበን ቆላ ያለ የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እኔ ግን እዚያው ቆላ ውስጥ አሥር ዓመት የመንግሥት ደመወዝ እየበላሁ ኖሬ አላውቅም ነበር። ያላወቅሁት ስለምጸየፍ ነው። ሀሺ የሚባል ሰው መተዳደሪያውን ያጣውም በእኔ መጸየፍ ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ሸዋርካብሽ እባላለሁ። ጤና ረዳት ነበርኩ፣ ድሬሰር ማለት ነው። ሕዝቡ ነጭ ጋዋን የለበሰችን ሴት ሁሉ ሲስተር ስለሚል እኔንም ሲስተር ይሉኝ ነበር፤ ደስ ስላለኝ አላረምኳቸውም። ያደግሁት ቦሬ ነው፣ ደጋ። ኦሮምኛ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት አፌን የፈታሁበት ነው። እናቴ ግን ግመል ከሩቅ ካየች የምታማትብ ሴት ነበረች። የግመል ነጋዴ ቤታችን ከመጣ የጠጣበት ብርጭቆ ለብቻው ይቀመጣል፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ በአመድ ይታሻል። እኔም ይህን ይዤ አደግሁ። በ1968 ዓ.ም. ከነገሌ ወደ ዶሎ በሚወርደው መንገድ ላይ ወዳለች ትንሽ ከተማ ስመደብ፣ ገበያው ላይ ከተደረደረው የግመል ወተት የሚመጣው የጭስና የላብ ሽታ ፊቴን አስዞረኝ። ከዚያ በኋላ በገበያው በኩል አላልፍም፤ ዞሬ እሄዳለሁ። አሥር ዓመት ዞሬ ሄድኩ።

ሀሺ በዚያ አገር የታወቀ አላቢ ነበር። ዕድሜውን ሲጠይቁት አርባም ሃምሳም ይላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግሩ ጥቂት። ግመሎቹ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው ሲነካቸው ወተታቸውን ይይዛሉ ይባላል። በ1977 ድርቅ የከብት ባለቤቶች ከብቶቻቸውን በየመንገዱ ጥለው ሲመጡ የእሱ ሰባት ሴት ግመሎች ቆመው ቀሩ። ሚስቱ ሸምሳ ወተቱን ከተማ አምጥታ ትሸጣለች፤ የተረፈውን ላም ላለቀባቸው ጎረቤቶች ልጆች ታካፍላለች። በዚያ ዓመት በእኛ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ከተቀበሩት ልጆች ውስጥ የሀሺ ጎረቤት ልጅ አንድም አልነበረም። ይህንንም የሰማሁት በኋላ ነው።

ጉልበቱን የጎዳው አንድ ኮርማ ግመል ነው። ሲያስረው ተንበርክኮ እላዩ ላይ ተኛበት። ጉልበቱ አበጠ። ሀሺ ሐኪም ቤት አልመጣም፤ በጋለ ብረት የሚተኩሱ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ጉልበቱን ዙሪያውን ዘጠኝ ቦታ ተኮሱት። ዕብጠቱ ትንሽ ጎደለ፣ ተመለሰ፤ እንደገና ተኮሱት። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። ሁለቱን ዓመት ሙሉ ሰውዬው በዚያ ጉልበት ላይ ዕቃ እያስቀመጠ፣ ጥርሱን ነክሶ ያልብ ነበር።

በ1978 አንድ የእርዳታ ድርጅት ጤና ጣቢያችን ጓሮ የቀዶ ጥገና ክፍል ከቆርቆሮ ሠርቶ አንድ ቀዶ ሐኪም ከአዲስ አበባ አመጣ። ወጣት ነው፣ እጁ ጎበዝ፣ ጠባዩ ደረቅ፤ ሲጋራ ከአፉ አይለይም። ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ወሬው ሲሰማ ሸምሳ ባሏን በአህያ ጭና አመጣችው።

ያን ጉልበት ስፈታው አልረሳውም። በጨርቅ ጠቅልለውት፣ በጨርቁ ላይ ቅቤ ቀብተውት፣ በቅቤው ላይ አቧራና ዝንብ ተጣብቆበታል። ጨርቁ ሲነሳ ቆዳውም አብሮ ተነሳ። ከተተኮሰው ከአንዱ ቀዳዳ አረንጓዴ መግል ወጣ። ሽታው ግድግዳው ላይ የተቀባ ይመስል ሦስት ቀን ከክፍሉ አልወጣም። ሰውዬውን ተቆጣሁት። ታካሚ ሁሉ፣ ሽማግሌም ይሁን ልጅ፣ ለእኔ «አንተ» ነበር። «አንተ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ትሠራ ነበር? እግርህን ለውሻ ልትሰጥ ነው?» አልኩት በኦሮምኛ። ሀሺ መሬት መሬት አየ። ከዚያ «አካም ቡልቴ፣ ሲስተር» አለኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው። ሰላምታ ሳልሰጠው መስደቤን በዚያ መንገድ ነገረኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ገብቶኝም ቢሆን አይሰማኝም ነበር።

ዶክተሩ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ አጥፎ ዘረጋው። ከውስጥ ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ ተሰማ።

«መገጣጠሚያው ተበልቷል» አለኝ በአማርኛ። «ሁለት ነገር ማድረግ እችላለሁ። አንደኛው ከፍቼ ማጠብ፣ የሞተውን ጠርጌ አውጥቼ መዝጋት ነው። ይታጠፍለታል፤ ግን ሕመሙ አይለቀውም፣ መግሉም ይመለስ ይሆናል። ሁለተኛው የጭኑንና የቅልጥሙን አጥንት ጫፍ ጫፉን ቆርጬ አንድ ላይ ማጣበቅ ነው። አጥንቱ ከገጠመ ሕመሙ ያከትማል፣ እንደ ልቡ ይቆምበታል። ግን እስኪሞት አይታጠፍም። እንጀራው በምንድነው? በዚህ እግሩ ምን ይሠራበታል? ያሳየን።»

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔም በትክክል ተረጎምኩት። «ዶክተሩ በዚህ እግርህ ምን ትሠራበታለህ፣ አሳየኝ ይልሃል» አልኩት።

ሀሺ አልጋውን ተደግፎ ተነሣ። በግራ እግሩ ቆመ። የታመመውን እግር በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ፊቱ በላብ እየታጠበ፣ ውስጥ እግሩን በግራ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። ከዚያ እጆቹን ለቀቀና ወደፊት ዘረጋቸው። ያን ያህል ታሞ ሳይወላወል ቆመ። ሸምሳ ከበሩ ሥር አስቀምጣው የነበረውን ጮጮ አነሣች፤ ወተት የሚያልቡበት ከዛፍ ሥር የተጎነጎነ ዕቃቸው ነው። ይዛው ወደ ባሏ መጣች። ጭኑ ላይ ልታስቀምጠው ነበር። ልታሳየን ነበር።

ጮጮው በአፍንጫዬ ሥር አለፈ። የጭሱ፣ የኮመጠጠው ወተት፣ የግመሉ ሽታ ከመግሉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ መታኝ። ለዶክተሩ የወተት እጅ መንሻ ያመጣች መሰለኝ። አፍንጫዬን ይዤ «ውጪ! ይህን ቆሻሻ ይዘሽ ውጪ!» አልኳት።

«ሲስተር፣ እኔን ልናገር፣ ወተት እኮ እንዲ...» አለች ሸምሳ በከተማ አማርኛዋ።

«ወተት ብለሽ ስሙን አትጥሪብኝ!»

ወጣች። ጮጮዋን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ሀሺ በአንድ እግሩ እንደቆመ ነው፣ ጭኑ ባዶ።

«ምን ማለቱ ነው?» አለኝ ዶክተሩ።

«እንዲህ ሰቅየው ነው የምውለው ማለቱ ነው» አልኩት። «መሬት ማስነካት አልቻለም።»

«ምስኪን። እንግዲያው ይገጠም» አለ ዶክተሩ። ከዚያ ወደ በሩ እየሄደ፣ «እንደማይታጠፍ ንገሪው። ገብቶት ይፈርም» አለኝ።

አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት ልደብቅ አልፈልግም። እኛ ጋ የነበረ የአሠራር ልማድ ነው። ለታካሚ ሁሉን ከነገርከው ተነሥቶ ተኳሹ ዘንድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ደግ ደጉን ትነግረዋለህ፣ ክፉውን ራሱ ይደርስበታል። ከእሱ በፊት ሁለት ሰዎች ሙሉውን ነግሬያቸው በሌሊት ጠፍተውብኝ ነበር፤ አንደኛው ሞቶ ነው የሰማሁት። እናቴ ዝም አይነቅዝም ትል ነበር፤ እኔም ለሀሺ «ሕመሙ ያበቃል። ትቆምበታለህ፣ ትሄድበታለህ» አልኩት። የነገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። አውራ ጣቱን በቀለም ነክሬ ወረቀቱ ላይ አተምኩለት። ቶሎ እጄን ልታጠብ ቸኩዬ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ሦስት ሰዓት ፈጀ። መሣሪያ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ጉልበቱ ሲከፈት ከውስጡ የተበላሸ አይብ የሚመስል ነገር በማንኪያ እየተዛቀ ወጣ። ዶክተሩ አጥንቱን በመጋዝ ሲቆርጠው የተነሣው ሽታ የተቃጠለ ቀንድ ነው። ቆርቆሮው ጋለ፤ የዶክተሩ ላብ ከግንባሩ ወደ ቁስሉ እንዳይንጠባጠብ እየጠረግሁለት፣ ይህን ሥራ ለምን መረጥሁ እያልኩ ነበር። ሁለቱን አጥንት አገጣጥሞ፣ ብረት በጎንና በጎን አሳልፎ በብሎን አጠበቀው። ከዚያ ከብሽሽት እስከ ቁርጭምጭሚት በጀሶ ጠቀለልነው።

ሀሺ ሦስት ወር ተኛ። አንድ ቀን ከወረዳው ሹማምንት መጡ። አንደኛው ጓድ መሐረቡን ከአፍንጫው ሳያነሣ ስለ አብዮቱ ፍሬ ንግግር አደረገ፤ የሀሺን ጀሶ እየነካ ፎቶ ተነሣ፤ ከዚያ እጁን በአልኮል አሻሽቼ እንዳጥብለት ጠየቀኝ። ተጸየፍኩት። ሰው እንዴት ታማሚ ይጸየፋል ብዬ ለዶክተሩ አማሁት። ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው።

ጀሶው ሲፈታ እግሩ ቀጥኖ፣ ቆዳው እየተገፈፈ፣ ቅማል አፍርቶ ወጣ። ጉልበቱ ግን ደርቋል። ሀሺ ተነሥቶ ቆመ። አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ሁለተኛ ተራመደ። ሕመም የለም። ሁለት ዓመት ያልለቀቀው ሕመም የለም። በሰው ፊት የማያለቅስ ሰው እንባው ወረደ፤ የዶክተሩን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ። ዶክተሩም ዓይኑ ረጠበ፤ ከቀዶ ጥገናው ውጭ ያለ ሲጋራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ሀሺ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እግሩ ፊት ለፊቱ ተገትሮ ቀረ። በእጁ ገፋው፣ እንደገና ገፋው። ወደ እኔ ዞሮ «መቼ ነው የሚታጠፈው?» አለኝ።

ዶክተሩ አጠገቤ ቆሟል፣ ፈገግ ብሎ። «ምን አለ?»

«ያመሰግናል» አልኩት። ለሀሺ ደግሞ «ቀስ በቀስ» አልኩት።

ዶክተሩ በዚያው ዓመት ግዳጁን ጨርሶ ተመለሰ። ክፍሉ መጋዘን ሆነ። እኔም ሀሺን ረሳሁት።

ከስምንት ወር በኋላ ለክትባት በድርጅቱ መኪና ወደ ገጠር ወጣን። ሾፌሩ ፀሐይ ሳትበረታ ወደ አንድ የግመል በረት ወሰደን፤ ሴቶችና ሕፃናት የሚገኙት በማለብ ሰዓት ነው ብሎ። ከመኪናው ስወርድ አንድ ጎልማሳ በግመል ጎን ቆሞ አየሁ። በግራ እግሩ ቆሟል። ቀኙን አጥፎ ውስጥ እግሩን ጉልበቱ ላይ አሳርፏል። ጭኑ ላይ ጮጮ ተቀምጧል። ሁለት እጁ እየሠራ ነው።

ክው አልኩ። ያን አቋም ሌላ ቦታ አይቼዋለሁ። ምንም የሚያስተረጉም ነገር አልነበረውም።

የሚያልበው የሀሺ ታናሽ ወንድም አብዱላሂ ነበር። ሀሺ ከበረቱ ዳር የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጧል፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ። ሲያየኝ ደስ አለው። «ናጋ፣ ሲስተር? ናጋ?» አለኝ፤ ሰላም ነሽ ወይ ማለቱ ነው። ሸምሳ ልጅ ታቅፋ ለመርፌ ከተሰለፉት ጋር ቆማለች፤ አየችኝና ፊቷን መለሰች።

ስለ ጉልበቱ ጠየቅሁት። በየማታው ሞራ እያሸው መሆኑን ነገረኝ። ቀስ በቀስ ብዬው የለ? ስምንት ወር አሸው። ፀሐይ ላይ አሞቀው። በገመድ አስሮ ድንጋይ አንጠለጠለበት። ሲያቅተው በደኅናው እግሩ ጭን ላይ ጮጮውን አስቀምጦ በደረቀው እግር ቆሞ ለማለብ ሞከረ። ግን ግመሏ ስትንቀሳቀስ የሚቆሙበት ጉልበት ትንሽ እጥፍ እያለ አብሯት መሄድ አለበት። የእሱ አይልም። ሦስት ጊዜ ወደቀ፣ ወተቱ ፈሰሰ። ሦስተኛው ጊዜ ግመሏ ደንብራ ከዚያ ወዲያ ወደ እሱ አልቀረበችም። ከሰባቱ ሁለቱ ለአብዱላሂ ወተት አልለቁም ብለው ደርቀዋል። ሸምሳ ታልብ እንዳይባል በእነሱ ዘንድ ግመልን ሴት አታልብም፤ ሴት ያለበችውን ሽማግሌዎቹ አይጠጡትም። አላህን ለመለመንም ሰግዶ ግንባሩን መሬት ማስነካት አልቻለም፤ ተቀምጦ ነው የሚሰግደው።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ለክስ አይደለም። ሐኪም ስለሆንኩ ነው፤ ለሐኪም ምልክቱ ሁሉ ይነገራል።

«እንደማይታጠፍ ቢነግሩኝ እኮ...» አለና ጉልበቱን በመዳፉ ዳበሰ። ከዚያ «ሕመሙንስ ለምጄው ነበር። እያመመኝ አልብ ነበር» አለኝ።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እኔ ግን አላዋቂ ብቻ ብሆን በወደድኩ። አፌን ከፍቼ እውነቱን የምናገርበት ቀን ያ ነበር። ዶክተሩ እንደማይታጠፍ ተናግሯል፣ እኔ ነኝ የዋጥኩት፤ ሚስትዎ ልታስረዳኝ ስትመጣ ያባረርኳት እኔ ነኝ ብሎ መናገር ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ዶክተሩ ነው፣ ኦቦ ሀሺ» አልኩት። «ለእኔም አልነገረኝም። ባውቅ እነግርዎ ነበር።»

በዚያ ዕለት ነው መጀመሪያ አንቱ ያልኩት። ሀሺ አመነኝ። እጄን ያዘና «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለኝ። ሸምሳ ከሰልፉ ውስጥ ሆና አየችን። ሰምታለች። በምርመራው ቀን ከእኔ ሌላ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የሰማች ብቸኛ ሰው እሷ ናት፤ ዶክተሩ «እንደማይታጠፍ ንገሪው» ሲል በር ላይ ቆማ ነበር። አንድ ቀን ለባሏ ትነግረዋለች ብዬ ስፈራ ኖርኩ። አልነገረችውም። ከመቆረጡ በፊት ያልነገረችው «ውጪ» ብዬ አፏን ስለዘጋሁት ይሆናል፤ በኋላ ለምን እንዳልነገረችው ግን አላውቅም፤ ምናልባት ባሏ ከጤና ጣቢያው ሁሉ የሚወደውን አንድ ሰው ልታሳጣው አልፈለገች ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ልጆቿን ሌላ ድሬሰር ነው የምታስወጋው።

በ1980 ሀሺ ግመሎቹን ለአብዱላሂ ትቶ ከተማ ገባ። የድርጅቱ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ያን ሥራ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ደግነቴን አወራልኝ፣ እኔም አላስተባበልኩም። መጋዘኑ ያ የቆርቆሮ ክፍል ነው፣ ጉልበቱ የተቆረጠበት። ከበሩ ሥር ሳጥን ላይ ይቀመጣል። ወደ መድኃኒት ክፍሌ የምገባው በእሱ ፊት በሚያልፈው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ገበያውን ዞሬ አልፍ ነበር፤ ይህን የማልፍበት ዙሪያ ግን አልነበረም።

በአገራችን የተቀመጠ ሰው ሌላ ሰው ሲያልፍ እግሩን ይሰበስባል። ሀሺ ጨዋ ሰው ነው። እስከ 1983 ድረስ ጠዋት ጠዋት እኔ ስመጣ ገና ከሩቅ ግራ እግሩን ይሰበስባል፤ ከዚያ የቀኙን ጭን በሁለት እጁ ይይዝና ወደ ጎን ሊያዞረው ይታገላል። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ እግሩ ግድግዳውን ይመታል። እግሬን አንሥቼ የእሱን መሻገር አለብኝ።

«ሲስተር፣ እግሬን መሰብሰብ አቃተኝ» ይለኛል። «ይቅር በይኝ።»

እኔም «ምንም አይደል፣ ኦቦ ሀሺ» እለዋለሁ፤ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ እግሩን ተራምጄ እገባለሁ።